ድልድዩ የተዘጋበት መኸር

ሴፕቴምበር 8

የዊሎው ክሪክ ድልድይ ዛሬ ተዘጋ።

ሴፕቴምበር 9

ትናንት ደክሞኝ አንድ መስመር ብቻ ጽፌ ተኛሁ።

የክፍለ ግዛቱ መሐንዲስ ድልድዩ ሥር ገብቶ ተሸካሚ ብረቶቹን በመዶሻ ሲመታ ቆየ። ወጣና እጁን በሱሪው ጠረገ። «ይሄ ፒክአፕ እንኳ አይችልም» አለን። ከዚያ በኋላ የሚመረጥ ነገር አልነበረም። ይህን ያህል የደከመ ድልድይ ይዘጋ የሚለው ደንብ የዋሽንግተን ነው። የመረመረው ክፍለ ግዛቱ ነው። ድልድዩ ከክፍለ ግዛቱ ሥር ያለው የካውንቲያችን ነው። ወደ ድልድዩ የሚወስደው የጠጠር መንገድ የታውንሺፑ ነው፤ ታውንሺፕ ማለት ደግሞ በዓመት ጥቂት ጊዜ አንድ ሳሎን ውስጥ የሚሰበሰቡ ሦስት ጎረቤቶቼ ናቸው። ከሥሩ የሚወርደው ውኃ ያለ ጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ፈቃድ አይነካም። መከለያውን ከመኪና አውርደን ያቆምነው ግን እኔና የመንገድ ሠራተኞቹ ነን። እኔ የካውንቲው ቦርድ ሰብሳቢ ስለሆንኩ ሰው እንዲያየኝ ብዬ አብሬ ተሸከምኩ።

ታላቅ ወንድሜ ኦርቪልና ሚስቱ ናዲን ያሉት ከወንዙ ማዶ ነው። ከኔ ቤት ጣሪያቸውና ግቢያቸው ይታያል። ኦርቪል ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለኩላሊት እጥበት ከተማ ይመጣል። እስካሁን ቅርብ ነበር። ከእንግዲህ በሰሜን ዞሮ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ኮረኮንች። ሲመለስ ደግሞ ሰውነቱ እንደ ታጠበ ጨርቅ ሆኖ።

ደወልኩለት።

«ማነው የዘጋው?» አለኝ።

«ደንቡ የዋሽንግተን ነው።»

«ዋሽንግተን ድረስ ሄጄ ማንን ልሳደብ? አንተ ትቀርበኛለህ።»

ስቆ ዘጋው።

ሴፕቴምበር 13

ዛሬ ጠዋት ኦርቪል መከለያውን ገፍቶ ድልድዩን በመኪና ተሻገረ። ሸሪፉ ዱዌይን ማዶ ቆሞ ሲጠብቀው ነበር። ወዲያው ደወለልኝ።

«ዱዌይን፣ የታመመ ሰው ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ቅጣት ያልጻፍኩበት። ሁለተኛ ከተሻገረ ግን እጽፋለሁ።»

«ቦርዱ ቢጠይቅህስ?»

«ቦርዱ አለቃዬ አይደለም፣ ኤመት። በጀቴን ትቀንሱ ይሆናል። እኔን የመረጠኝ እናንተን የመረጠው ሕዝብ ነው።»

ልክ ነው። ልክ መሆኑ አናደደኝ። በስልክ የማይገባ ነገር ተናገርኩ፤ እሱ ግን «ለናዲን ሰላም በልልኝ» ብሎ ዘጋ።

ሴፕቴምበር 15

የቦርድ ስብሰባ። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ኮሪን ሃስቲ፣ ቨርሊን ባክ። ክፍለ ግዛቱ አሮጌ ድልድዮችን እየመረጠ ያሠራል፤ ማመልከቻው በዲሴምበር መጀመሪያ መድረስ አለበት። ሐሳቡን አነሳሁ። ቨርሊን የሰሜን ሰው ነው።

«ለማዶዎቹ ጥቂት ቤቶች? የኛ መንገድ በዘነበ ቁጥር ውኃ ይወስደዋል። እሱስ መቼ ነው ተራው?»

ኮሪን ላስብበት አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወዳለው ሰኞ ተላለፈ። የካውንቲው ጠበቃ ሲወጣ ክንዴን ያዘኝ። «ወንድምህ ማዶ መኖሩን በግልጽ ተናገር። ድምፅ መስጠት ትችላለህ። ብቻ የምትለውን ሁሉ እዚህ ክፍል ውስጥ በለው።»

ሚስስ ሬንኪ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ አንድ ስብሰባ ቀርተው አያውቁም። እኔንም ኮሪንንም ቨርሊንንም ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ክብ ይስሉ ነበር፤ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። ሦስቱን ክቦች አራርቀው ነበር የሚስሏቸው። ካውንቲ ላይ ሲደረስ እንዴት እንደሚደራረቡ ያኔ አልነገሩንም። እኛ ሦስታችን ደንብ እናወጣለን፣ በጀት እንቆርጣለን፣ መንገድም እንጠርጋለን።

ሴፕቴምበር 20

ማሽላው ደርሷል። ኮምባይነሩ ሁለት ጊዜ ቆመ። ኦርቪል ጋ መሄድ ነበረብኝ። ዞሮ መሄድ ግማሽ ቀን ይበላል።

ሴፕቴምበር 27

የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች የቺሊ እራት። እንደ ሁልጊዜው ቺሊው፣ የሥጋና የባቄላው ወጥ፣ ከቀረፋ ዳቦ ጋር፤ እንደ ሁልጊዜው ሰው ሁሉ በላና ድስቱ ለኛ ቀረ።

ሕጉን እዚህ ልጻፈው፣ ራሴን ለማስታወስ። ቦርዱ ሦስት ሰው ነው። ሁለት ከሆንን ምልዓተ ጉባኤ ነን። ሁለት ሆነን ስለ ካውንቲው ጉዳይ ካወራን ስብሰባ ነው፤ ስብሰባ ደግሞ በሩ ለሕዝብ ክፍት ካልሆነ አይደረግም። ስለዚህ እኔና ኮሪን ከተመረጥን ወዲህ ስለ ዝናብና ስለ ልጆቿ ብቻ ነው የምናወራው። ከመመረጣችን በፊት የማናወራው ነገር አልነበረም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ብዙ የማወራው ሰው የለኝም።

ወጥ ቤት ገንዳው ጋ ጎን ለጎን ቆመን ድስት እናጥባለን።

«ኦርቪል እንዴት ነው?» አለችኝ። ይሄ ይፈቀዳል።

«መንገዱ እየገደለው ነው።»

ድስቱን ደጋግማ ፈተገች።

«ሰኞ አቅርበው» አለች ቀና ሳትል። «እደግፍሃለሁ።»

«ቨርሊንስ?»

«ይቃወማል። ሁለት ለአንድ ነው።»

በቃ ይሄው ነው። አንድ ድስት ታጥቦ እስኪያልቅ እንኳ አልፈጀም። ዞር ስል ሚስስ ሬንኪ ፎጣ ይዘው ሳህን ያደርቃሉ። ሳህኑን አስቀመጡና ሁለታችንንም በየተራ አዩን። ዝም ማለት የሳቸው ጠባይ አይደለም።

ሴፕቴምበር 29

አለፈ። ሁለት ለአንድ። ክርክር አልነበረም። ቨርሊን እኔን አየ፣ ኮሪንን አየ፤ «ይሄ ነገር ቶሎ አለቀሳ» አለ።

ለኦርቪል ደወልኩ። ጮኼ ነው የነገርኩት።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «መቼ ያልቃል?»

«ክፍለ ግዛቱ ከተቀበለን ጁላይ።»

«ጁላይ ጥሩ ወር ነው።»

ሌላም ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ስንዴ ዘር ጠየቀኝ።

ኦክቶበር 7

ኦርቪል ላሞቹን ሸጠ። ሁሉንም። የመኖ መኪና ዞሮ ስለማይመጣለት ነው። ይሄን ለቨርሊን በስብሰባ ላይ መንገር አለብኝ፤ የተዘጋ ድልድይ ሰው ላይ የሚያደርሰው ይሄ ነው።

ኦክቶበር 14

ዱዌይን ራሱ እርሻ ድረስ መጥቶ ወረቀት ሰጠኝ። ሚስስ ሬንኪ ቦርዱን ከሰውታል። ወጥ ቤት ውስጥ የተስማማንበት ውሳኔ ይፍረስ ብለው።

«እኔ አድራሽ ነኝ» አለ ዱዌይን። «በኔ አትናደድ።»

«አልተናደድኩም።»

«ጆሮህ ቀልቷል እኮ።»

በቀጥታ ወደ ቤታቸው ነዳሁ። በሩን ሳላንኳኳ ከፈቱት።

«ሚስስ ሬንኪ፣ ምን በደልንዎት?»

«እኔን ምንም። ግባ። ጫማህን አራግፍ።»

«የኦርቪል ነገር ነው። እያወቁ!»

«ኦርቪልንም አስተምሬዋለሁ። ካንተ ይሻል ነበር።» ተቀመጡ። «የቨርሊን ሰፈር ሰዎች ሰኞ ሊናገሩ መጥተው ነገሩ አልቆ ጠበቃቸው። እነሱ ምን አጠፉ? ትክክለኛ ነገር ከሆነ ሰው ፊት ለምን አላላችሁትም?»

እንደ ልጅነቴ ምንጣፉን አየሁ።

«ኮሪንም አሳዝናኛለች» አሉ። «ንገራት። አይ፣ አትንገራት። መነጋገር አትችሉም።» ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ተነስተው በፎጣ የተሸፈነ፣ ውስጡ ፍሬ የተሞላ ፓይ አመጡ። «ለኦርቪል ነው። የፖም ነው፤ ዱባ ለኩላሊት ጥሩ አይደለም አሉኝ። በእጅህ ስጠው።»

ኦክቶበር 16

ፓይውን በእጄ አልሰጠሁም። ስንዴ እየዘራሁ ነው፣ ዝናብ ሳይቀድመኝ። ሐሙስ ስለሆነ የእጥበቱ ቦታ ይዤው ሄድኩ። ናዲን መጠበቂያው ክፍል ለብቻዋ ተቀምጣለች።

«ገብቷል?» አልኳት።

«ዛሬ አልመጣም። እኔ የኦርቪልን ሐኪም ላናግር ነው የመጣሁት።»

«መንገዱ ነው። እኔኮ ነግሬያቸዋለሁ። የፍርድ ቤቱ ነገር ይለቅ ብቻ...»

«ኤመት።»

«ጁላይ ላይ...»

«ኤመት፣ አንድ ቀን ናና እራት ብላ። ሊያናግርህ ይፈልጋል።»

«ከፍርድ ቤቱ በኋላ» አልኳት። ፓይውን ተቀበለችኝ። ሽፋኑን ገልጣ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው፤ መልሳ ሸፈነችው። ስንዴው ይጠብቀኝ ስለነበር ወጣሁ።

ኖቬምበር 2

እሑድ ነው። ኦርቪል ደወለ።

«የአባባን ኮርቻ መጥተህ ውሰድ። እዚህ አይጥ እየበላው ነው።»

«ድልድዩ ሲከፈት በፒክአፕ እወስደዋለሁ።»

«ድልድዩ፣ ድልድዩ» አለ። «አንተ ልጅ፣ ሌላ ወሬ የለህም?»

«ላንተ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ላንተ ብዬ እንደምትል። ስማ፣ ሐኪሟ ምርጫው የኔ ነው ብላኛለች።»

የእህል መኪናው ነጂ መስኮቱን መታ። ቆይ ብዬ ወጣሁ፤ ስመለስ ስልኩ ተዘግቷል። የእጥበቱን ሰዓት እንዲመርጥ ማለቷ ይሆናል። ከሰዓት ቢሆንለት መንገዱም ይቀልለታል። መልሼ ልደውል ነበር፤ መሽቶ ነበር።

ኖቬምበር 12

ችሎቱ ከኛ መሰብሰቢያ አንድ ፎቅ ከላይ ነው። ያው ደረጃ፣ ያው የወለል ሰም ሽታ። ግን እዚያ ስወጣ ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ታች አውልቄው አላውቅም።

ኮሪን ቀድማ ቃሏን ሰጠች። አንድም ነገር አልደበቀችም። ከዚያ እኔ።

«የት ነው የተስማማችሁት?» አለ ዳኛው።

«ወጥ ቤት ነው፣ ክቡር ዳኛ። የእሳት አደጋው።»

«ሌላ ማን ነበር?»

«ሚስስ ሬንኪ ሳህን ያደርቁ ነበር።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም።

«ድልድይ ሥሩ ወይም አትሥሩ ማለት የኔ ሥልጣን አይደለም» አለ። «ያንን ሕዝቡ የሰጠው ለእናንተ ነው። እኔ የምለው፣ ሰው በሌለበት የተወሰነው ፈርሷል። ማስታወቂያ አውጡ፣ በር ክፈቱ፣ እንደገና ወስኑ። የወንድምህን ጤና እመኛለሁ።»

ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ እስኪወጣ ቀን ይሄዳል። ማመልከቻው ካመለጠን ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው። ለዚህ ጥፋት ተጠያቂው እኔ ነኝ። ኮሪን ጥሩ ሰው በመሆኗ ነው የገባችበት፤ እኔ ግን ጠበቃው ነግሮኝ ነበር።

ደረጃው ላይ ኮሪን አጠገቤ ቆመች።

«በረዶ ይመጣል ይላሉ» አለች።

«አዎ፣ ይላሉ።»

የኮቷን ቁልፍ ዘግታ ወረደች።

ኖቬምበር 24

ክፍሉ ሞላ፤ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙም ነበሩ። አብዛኛው የቨርሊን ሰፈር ሰው ነው። አንዲት ወጣት እናት ተነስታ፣ በጸደይ ዝናብ ከልጆቿ ጋር መኪናዋ ውኃ ውስጥ እንደቆመባት ተናገረች። ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ ጠባብ ነው። ይሄን ሰምቼ አላውቅም። ሴፕቴምበር ላይ ተናግራ ቢሆን ኖሮ እሰማ ነበር። እንድትናገር አላደረግናትም።

ቨርሊን ወደኔ ዞረ።

«አንድ ጥያቄ፣ ኤመት። በክፋት አይደለም። ኦርቪል ማዶ ባይኖር ይሄን ታቀርበው ነበር?»

ሰው ሁሉ አየኝ። ጠበቃው ጣሪያውን አየ።

«አላውቅም» አልኩ። «ምናልባት አላቀርበውም።»

«ቢያንስ እውነቱን ተናገርክ» አለ ቨርሊን።

ኮሪን የውሳኔ ሐሳቡ ላይ ጨመረችበት፦ የመንገድ ሠራተኞቹ በጸደይ መጀመሪያ የሰሜኑን ቱቦ ይቀይሩ፣ የድልድዩም ማመልከቻ ይላክ። ወጣቷ እናት ከባሏ ጋር ተያየች። ድምፅ ተሰጠ። ሁለት ለአንድ።

«እኔን የላኩኝ ሰዎች ፊቴ ተቀምጠው ልደግፍህ አልችልም» አለኝ ቨርሊን በኋላ፣ እጄን ሲጨብጠኝ። «ግን ቱቦው ውሳኔው ውስጥ ስለገባ ሚስቴ ቤት ታስገባኛለች።»

ሚስስ ሬንኪ አጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን በጣታቸው ነካ አደረጉኝ። «ፓይውን ሰጠኸው?» አሉኝ። ተሰጥቶታል አልኳቸው።

ኖቬምበር 27

የምስጋና ቀን። ናዲን ለበዓሉ እራት ጠርታኝ ነበር። ሁለቱም ልጆቻቸው መጥተዋል፤ አንዱ ከዴንቨር፣ አንዷ ከተልሳ። ሁለቱ አንድ ላይ የመጡበትን ዓመት አላስታውስም። በረዶው ሳይበረታ ብለው ነው መሰለኝ።

አልሄድኩም። የሰሜኑ መንገድ በረዶ ይዟል፤ ብቀር ደግሞ ለማመልከቻው ካርታውን አያለሁ ብዬ። የበዓሉን የቱርክ ዶሮ በሳንድዊች በላሁ። ማታ ማዶ መብራታቸው ሁሉ በርቶ ነበር። መኪኖች ግን ግቢው ውስጥ አላየሁም። ጋራዥ ውስጥ አስገብተዋቸው ይሆናል።

ዲሴምበር 1

የጦር መሐንዲሶቹ ደብዳቤ ደረሰ፤ ውኃውን መንካት ተፈቅዷል። ታውንሺፑም መንገዱን ለማስፋት ተስማምቷል፤ ሦስቱም ጎረቤቶቼ ፈርመዋል፣ አንዱ በእርሳስ ፈርሞ እንደገና አስፈረምነው። የቀረው የኛ ፊርማና የካውንቲው ማኅተም ነው። ሐሙስ አልቆ ዓርብ ዋና ከተማው መግባት አለበት።

ዛሬ ሁሉን ሳስበው፣ ማንም ሥራውን አላጎደለም። መሐንዲሱ መመርመር ነበረበት፣ ዱዌይን ማስቆም ነበረበት፣ ሚስስ ሬንኪ መክሰስ ነበረባቸው፣ ዳኛው ማፍረስ ነበረበት። ቨርሊንም መቃወም ነበረበት። በሁሉም ስናደድ ከረምኩ። ከመካከላቸው የበደለኝን ስፈልግ አንድም አጣሁ። ታዲያ ለምን ይሄን ያህል እንደሚያቃጥለኝ አላውቅም። ኦርቪል ሳምንቱን ሙሉ አልደወለም። ልጆቹ አብረውት ናቸው፤ ደህና ነው ማለት ነው። ማመልከቻው ሲላክ ራሴ እነግረዋለሁ። ይሄን ፊት ለፊት ልነግረው እፈልጋለሁ።

ዲሴምበር 4

የካውንቲው ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ሦስት ቅጂ ነው። ሁለቱን ፈርሜያለሁ፤ ጸሐፊዋ ማኅተሙን ልታመጣ ገብታለች።

ናዲን አሁን ደወለች።

«ኤመት፣ ከምስጋና ቀን በፊት ጀምሮ ለእጥበት አልሄደም። አቁሟል። ራሱ ነው የወሰነው፤ ኦክቶበር ላይ ነው የወሰነው። መጨረሻውን የምታስታምም ነርስ እዚህ አብራን ናት።»

የድልድዩ ማመልከቻ እኮ አለቀ፣ ዛሬ ይላካል አልኳት።

«ስለ ድልድዩ አትንገረው። ና ብቻ።»

የሰሜኑ መንገድ በረዶ ነው፣ ዞሬ እስክደርስ አልኳት።

«ለምን ትዞራለህ? ልጆቹ መኪናቸውን መከለያው ጋ አቁመው በእግራቸው ነው የሚመላለሱት።»

መከለያው ለመኪና ነው። ያቆምኩት እኔ ነኝ። ሰው በጎኑ ያልፋል። ከቤቴ በእግር ሲጋራ እንኳ አያስጨርስም።

ጸሐፊዋ ማኅተሙን ይዛ መጣች። ሦስተኛውን ኮሪን ትፈርመው፤ ምክትል ናት። «ኤመት፣ ወዴት ነው? አንዱ ይቀራል እኮ» ትለኛለች። እየወጣሁ